ሳንቃው

የታንጋይል ዝናብ ሲመጣ አይጮኽም፣
በጓሮ ይገባል፣ ማንንም አይጠይቅም።
መጀመሪያ ኩሬዋ ሞላች፣ ቀጥላ ማድቤቷ ራሰች፣
ኋላም ያቺ ጉድጓድ፣ ከድሩ በታች ያለች፣
የእናቴን ሁለት እግር ስትውጥ የኖረች።

ቦታው የአባቴ ነበር።
አባቴ ዳካ ሄደ፣ የሰው ሪክሾ ሊነዳ፤
ሁለት ወር ገንዘብ ላከ፣ በሦስተኛው ላከ ዕዳ።
«የሴት እግር መርገጫ ላይ?» አሉ ጎረቤቶች፤
እሷ ሳሪዋን ጉልበቷ ላይ ሸብ አድርጋ ገባች።

ማለዳ በኮኮናት ቅርፊት ውሃውን ስትጨልፍ
እኔ እቆጥር ነበር፤ ቁጥሩ መቶን ሲያልፍ
ተውኩት። ውሃው ያልቃል፤ ጭቃው ግን አይጨለፍ።
እዚያው ጭቃ ውስጥ ሆና መርገጫውን ስትረግጥ፣
መወርወሪያው ከግራ ወደ ቀኝ ሲሮጥ፣
ከላይ የሙሽራ ሳሪ፣ ቀይ፣ የወርቅ ጥለት ያለበት፣
ከታች ውሃ የላጠው እግር፣ የነጣ ጣት።
ማታ በጣቶቿ መሃል የሰናፍጭ ዘይት ትቀባለች፣
«ደህና ነኝ» ትላለች።
ሳንጠይቃት ነው እንዲህ የምትለው።

ፑጃ ሲቃረብ ሦስታችን መከርን፣
ኒርሞል፣ እኔና ትንሿ ፑቱል፤
ለጎረቤት ቀሰም እየሞላን የቋጠርን
ሃምሳ ሁለት ታካ፣ ላብ ላብ የሚል፣
ይዘን ካራቲያ ገበያ ወረድን።

አምባር አየን። «መምቻው ይሰብረዋል» አለ ኒርሞል።
ሽቶ አየን። ከሰናፍጩ ዘይት ጋር ምን ያደርጋል?
ማበጠሪያ አየን። አላት፤ ሦስት ጥርስ ቢጎድለውም ያገለግላል።
እንዲህ እያልን ስንሄድ ፑቱል ቀጥ አለች፣
«ያ የኛ ነው!» ብላ ጮኸች።
ከመስታወቱ ጀርባ የእናቴ ቀይ ሳሪ ተሰቅሏል፤
ከጫፉ አንድ ማግ ተዘሏል፣
ፑቱል ጉድጓዱ ውስጥ የወደቀች ቀን ነው ያ፤
እኛ ብቻ ነን የምናውቀው፣ በዚያ ሁሉ ገበያ።
ዋጋው ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ይላል፤
ለእሷ አምስት መቶ ተከፍሏታል።
ነጋዴው «አትንኩ» አለን። አልነካንም።
መንገዱን ሙሉ አልተነጋገርንም።

ወንዙ ዳር ጀልበኛው ሞክሌስ አሮጌ ጀልባ ይፈታል፣
ምስማሩን እየነቀለ በጥርሱ ይይዛል።
ኒርሞል አንዱ ሳንቃ ላይ ወጣ፤ ደረቅ ነው።
ቆመ። ቁልቁል እግሩን አየ። እኔም አየሁት።
«ስንት ነው?»
«ለምን?»
«ለእግር» አለች ፑቱል።
ሽማግሌው ምስማሩን ተፋ፣ ቋጠሯችንን ፈታ፤
«የምስማሩ» ብሎ ሁለት አነሣ፣ ሃምሳውን መለሰ ባንዳፍታ።
(የሃምሳውን ነገር ፑቱልን ጠይቋት፤
ጣቷን እየላሰች ነው ቤት የገባችው ያን ዕለት።)

ሳንቃው ከጀልባው አፍንጫ ነበር፤ ዓይን ተስሎበታል፣
ነጭና ጥቁር። ለጀልባዋ መንገድ ያይላት ነበር ይባላል።
ኒርሞል በክንዱ ለካ፣ ሞክሌስ ቆረጠ።
እናታችን ስትተኛ ጨለፍን፣ በጨለማ፣ ትንፋሽ ውጠን፣
አራት ጡብ ከሥር አኑረን ሳንቃውን በላዩ አጋደምን።

ነጋ። ቅርፊቷን ይዛ መጣች። እግሯን ሰደደች፣
ቅዝቃዜውን ጠበቀች።
አልመጣም።
ሌላውን እግሯን ሰደደች። ያም።
ረጅም ጊዜ ቁልቁል አየች፤
ከብርድ ልብሱ ሥር አጮልቀን የምናያትን እኛን አላየች።
«ይህን የመሰለ ደረቅ እንጨት!» አለች፣ «የሁለት ቀን ሩዝ ያበስል ነበር እኮ።»
ከዚያ መወርወሪያዋን አነሣች።

ድምፁ ተለወጠ ከዚያ ቀን ወዲህ፤ በጭቃው ጭልቅታ ፈንታ
እንጨት በእንጨት ሲያንኳኳ እንሰማለን፣ የሰው በር እንደሚመታ።

ዘንድሮ ጉድጓዱን ስጠርግ ሳንቃውን አወጣሁት፤
ተረከዟ የዋለበት እንደ ሰሃን ጎድጉዶ አየሁት።
ቀለሙ ሁሉ ለቋል። ዓይኑ ግን ደህና ነው፤
ያን ሁሉ ዓመት ከጎኑ ነው የረገጠችው።